የደወሉ ባለቤት

ከአየርላንድ ጠረፍ፣ ከዓሣ ወደቡ በላይ፣
አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ መስኮቱ ባሕር የሚያይ።
ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ደወሉ ሲያንባርቅ፣
ኦሺን ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ሲደበቅ፣
“ውጣ!” ብሎ የጎተተው፣ የገሠጸው የለም፤
ረዳቷ ግራንያም ከሩቅ አትቆምም፤
በርከክ አለች ወለሉ ላይ፣ ጉልበቷን እያመማት፣
ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ብዙ ነገር ሞከሩ። የጆሮ መከለያ፣
በሥዕል የተሠራ የቀን መከታተያ፣
ከጥግ ትንሽ ድንኳን፣ ውስጧ ለስላሳ ትራስ።
ደወሉም ደወል ነው፣ ከመርከብ የወረደ ነሐስ፤
ርእሰ መምህሩ በሱፍ ካልሲያቸው ቢያፍኑት፣
ልጆቹ ሳቁ እንጂ ለእሱ አልጠቀሙት።

አንድ ሐሙስ ግራንያ፣ ምን እንደታያት እንጃ፣
ደወሉን ይዛ ቁጭ አለች ከድንኳኑ ስጋጃ።
የደወሉን ምላስ ይዞ ቀዝቃዛውን ዳሰሰ፣
አንዴ መታ፤ ጠበቀ፤ በረጅሙ ተነፈሰ።
ያልጠበቁት ጩኸት ነው ሰውን የሚያስበረግግ፤
በገዛ እጁ ጥሪ ማን ይሸሻል ወደ ጥግ?

ከዚያ ወዲያ ደዋዩ እሱ፤ ሰዓት ሳያዛንፍ፣
ሰባት ጊዜ፣ ሰባት ብቻ፣ አንዲት እንኳ ሳያተርፍ።
ንባቡ ገና ነው፤ ስሙን ይገለብጣል፤
የግራንያን ሰዓት የሚቆርስ ደብዳቤም ይመጣል።

ባለፈው ማክሰኞ ኦሺን በትኩሳት ቀረ፤
ደወሉ መደርደሪያው ላይ እንደተደፋ ነበረ።
ዝናቡ መጣ፤ ሜዳው ላይ ልጆቹ እየራሱ
ቆመው ይጠብቃሉ፤ አልመጣማ እሱ።
ርእሰ መምህሩ እጃቸውን ሰደዱና ተዉት፤
ያን ሁሉ ልጅ ከዝናቡ በእጅ ምልክት ጠሩት።