መሃል ረድፍ

አስፋልቱ ያልቅና ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣
ብሎኬትና ጤፍ ማሳ ሲገፋፉ ስታይ፣
እዚያ ነው የእድሩ አዳራሽ።

«ይጮኻል» አሉ በስልክ ጸሐፊው አቶ ቶሎሳ፣
«ዳር የተቀመጠ ጆሮውን ይዞ እስኪነሳ።
መሃል ያለው ግን፣ እኔ እንጃ፣
ሰው ሲያለቅስ አይቶ ነው የሚያለቅሰው።
ወይዘሮ ውድነሽ እንኳ፣ የባሏ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣
አንድ ቃል አልሰማሁም ብላ ኮረፈች፤
እኛም ሐዘኑ ጆሮዋን ዘጋው አልን።»

መሰላል ባጃጅ አይገባም። ከሌንሳ ጋር ተሸክመን፣
ጭቃው «ጫማህን አልለቅም» እያለ ሲሟገተን፣
ደረስን።

ስምንት ስፒከር፤ አራት በቀኝ፣ አራት በግራ፣
ከአንድ ሳጥን የሚበሉ፣ እንደ ሰርገኛ በጋራ።
አምፕሊፋየሩ ቀይ ዓይኑን ይገልጣል፣ ይከድናል፣
ትኩሳት እንዳለበት ሰው፣ ውሃ ስጡኝ የሚል ይመስላል።
«ሁሉን አንፈታም» አልኳት። «ከመሃል ቁረጪው።
ግማሹ ጤነኛ ከሆነ፣ ሕመሙ ከቀረው ነው።
የቀረውን ደግሞ ለሁለት። ፍርፋሪ እስኪሆን ድረስ።»

በቀኝ በኩል፣ ሦስተኛውን አልፎ፣ ሜትሩ ዜሮ ላይ ተኛ።
ግድግዳውን እየዳበስኩ ሄድኩ። ምስማር።
የመተዳደሪያ ደንቡን ሰሌዳ የሰቀለ ሰው፣
አንቀጽ አንድ እንዳይጣመም ብሎ፣
ቀዩንና ጥቁሩን አንድ ላይ ወግቷቸው።
ነቀልኩ። ላጥኩ፣ አሰርኩ፣ ሸፈንኩ።
አረንጓዴ በራ። ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ አጨበጨቡ፣
እኔም፣ አልዋሽም፣ መሰላሉ ላይ ሆኜ ኮራ አልኩ።

ሌንሳ አላጨበጨበችም።
መሃል ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣
አንድ ወንበር ወዲያ፣ አንድ ወንበር ወዲህ ተንፏቀቀች።
«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ድምጹ ሆድ የለውም» አለች።

ሆድ የለውም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሽቦ ስጎትት፣ ኦም ስቆጥር፣
ይህን የሚያህል መለኪያ አልገዛሁም በብር።

ባትሪ አወጣሁ፤ መስመሩን ነቅዬ ነካ አደረግኩት፤
እሷ መሰላል ላይ፣ ጣቷ በስፒከሩ ደረት።
ጠቅ። «ወጣ።» ጠቅ። «ወጣ።» ቀኙ በሙሉ ወጣ።
ወደ ግራ ዞርን፤ ጠቅ። ዝም አለች።
«ጋሼ... ገባ።»
አራቱም ገቡ።
ታዲያ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ትንፋሹን ሲስብበት፣
መሃል ለተቀመጠው ምን ይድረሰው?

ሳጥኑን ከፈትኩ። ቀዩ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ በቀዩ፣
በላያቸው ነጭ ፕላስተር፣ በስክሪብቶ «ግራ፣ ተፈትሿል»፣
ከሁለት ዓመት በፊት ቀን ጋር።
እኔ የምጽፋት ፈ ሁሌ ወደ ኋላ ትወድቃለች።
ይህችም ወድቃለች።

ምን ነበር ያን ቀን? ዝናብ? የመጨረሻው ታክሲ?
ወይስ ይህችን ባትሪ ከኪሴ ማውጣት ሰነፍኩ?
ሌንሳ ጽሑፉን አየች፤ እኔን አላየችም።
ፒንሳውን አቀበለችኝ።

ሂሳቡ ላይ የምስማሩን ብቻ ጻፍኩ።
አዲስ ፕላስተር ስቆርጥ ስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ
«ግራ፣ ተሰምቷል» ብላ ለጠፈችበት።
ጋሽ ሽብሩን መሃል ወንበር አስቀምጠን ማይኩን ያዝኩ፤
ብዙ ልል አስቤ «አንድ፣ ሁለት» ብቻ አልኩ።
«መጣ!» አሉ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው።

ስንወጣ መሸት ብሏል።
የወይዘሮ ውድነሽ ቤት የትኛው ነው? አልኳቸው።
በቁልፋቸው ጠቆሙኝ፦ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ በሩ አረንጓዴ።
መሰላሉን እዚያው አስደግፈን ሄድን።