የግራ ጓንት

ሰኔ ነው። ብሩክስ። ከስጋ ፋብሪካው፣
ቢላው በቀኝ እጄ፣ በግራ መንጠቆው፣
ሰንሰለቱ ሲዞር እጅጌዬን ነከሰው።
ቀዩን ቁልፍ የመታው ዴንግ ነው፣ የጁባው ሰው።
አልጮኸችም ይላሉ፤ እኔ አላስታውሰው።
እጅ ሰጠች የሚል ካለ ግን ይታረም፤
ተወሰደብኝ እንጂ፣ እኔ እጅ አልሰጠሁም።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት የሌለው ያመኛል፤
እንደ ተጨበጠ፣ መንጠቆውን ይዟል፤
ጥፍሩ መዳፍ ይወጋል፣ መዳፍ በሌለበት።
ማኅደር «የት ጋ?» ትላለች፤ ልጅ ናት፣ የሰባት ዓመት።

ክላይድን ያገኘሁት ካልጋሪ፣ ክሊኒኩ ደጅ፤
ድርቆሽ መጠቅለያ በልቶበት ቀኝ እጅ።
ስንዴ አራሽ ነው፤ ወሬው ዝናብና ገበያ።
ታኅሣሥ ላይ አንድ ጥንድ ጓንት ገዛን በጋራ፤
ቀኙን እኔ ወሰድኩ፣ እሱ ደግሞ ግራ።
«አንቺና እኔ ተደምረን አንድ ሰው ወጣን» አለ።
«ሰውስ እንጃ» አልኩት፣ «ጓንቱ ግን አልጎደለ።»

ዶሪን ከጉማጄ ላይ ብረት ለጠፈች፣
ሳንቲም የሚያካክል፤ ስክሪኑን አበራች።
ሁለት መስመር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።
«የሌለውን እጅሽን ጨብጪው።»
መች ተዘርግቶ ያውቃል! ሰማያዊው ዘሎ ጣራ ነካ።
«አሁን ዘርጊው።»
ቀዩ ግን ተኛ፣ እንደ በጋ ወንዝ።
ስምንት ወር ሙሉ የያዝኩትን መንጠቆ
በምን ልልቀቀው፣ በየትኛው ጣት?

በአምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ደክሞኝ፣
ስለ ቤት ኪራይ ሳስብ፣
አውራ ጣቴ ላላ። ከዚያ ሌባ ጣቴ፣
የሰረቀውን እንደሚመልስ ሰው፣ እያፈረ።
ቀዩ መስመር ተነሣ።
መንጠቆው ሲወድቅ ከሲሚንቶው ላይ
የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።
ዶሪን ስክሪኑን አይታ «ጥሩ ምልክት» ብላ ጻፈች።
ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

እጁ በመጋቢት መጣ። ጥቁር ነው።
ሲከፈት ሲዘጋ ዝዝ ይላል፣ ጠርሙስ እንደ ገባ ዝንብ።
ማታ ከስልኬ ጎን ቻርጅ ላይ ያድራል።
ሰባት እንቁላል ሰበርኩበት፤
ስምንተኛውን ማኅደር «ቀስ! ቀስ!» እያለች
ትንፋሿን ይዛ አሻገርነው።
የእሷን ፀጉር ከገመድ አይለይም፤
በዓይኔ ነው የምዳስስበት።
ትናንት የገበያ ጋሪ አልለቅም ብሎ
ከነጋሪው መኪናው ድረስ ሄድኩ፣ ሰው እያየኝ።

ዛሬ ክላይድን ከበረዶው ላይ አገኘሁት።
«ግራውን መልስልኝ» አልኩት።
እጁን አየ፣ እጄን አየ።
«ብርድ ለማያውቅ እጅ ጓንት ምን ይሠራለታል?»
«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው።
በጥርሱ ስቦ አወለቀው፣ ሌላ እጅ የለውማ።
መጀመሪያ የቀኜን ጣቶች ከተትኩበት፤
ይሞቃል።
ለግራዬ እንድነግረው ብዬ ነው።
ከዚያ እሱ አፉን ከፍቶ ያዘልኝ፤
ዝዝ፣ አንድ ጣት፤ ዝዝ፣ ሌላ ጣት፤ ተሰነቀረ፣ ተፍታታ፣
ስንት ዘመን «ግራ ገባኝ» ስል ኖሬ
ዛሬ ግራው ገባኝ።

ክላይድ ባዶ እጁን ኪሱ ከትቶ
ስለ ስንዴ ዋጋ ያወራ ጀመር።