የመርጫዋ አፍንጫ

ሩቅያ ዘይት መርጫዋን ብትጫን፣ ብትጫን፣
«ክህ» አለችና ዝም። አንዲት ጠብታ እንኳ ላትሰጠን።
«ጣላት፣ አባዬ» አለች፤ «አረጀች፣ በቃ፤
የሰው አገር ዕቃ፣ የሰው አገር ዕቃ።»

እኔ ግን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
በኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ከመዘውሩ ሥር፣
የጥጥ ብናኝ እየዋጥኩ ዘይት ስቀባ የኖርኩት፣
በሳሉ ነው የማውቀው የታመመን ብረት፤
«ጉንፋን ነው የያዛት» አልኩ፣ «ምን አላት ለሞት?
ወዲህ በያት።»

ደሴ ያለው ሐኪም፣ ልቤን በማዳመጫው ሰምቶ፣
«ዘይት ቀንስ» አለኝ፣ ጣቱን ወደ ሆዴ አንስቶ።
ዘይት! እኔን! ሳቄ መጣ፤
ስንቱን ማሽን ሳጠጣ ኖሬ፣ ለእኔ ሲሆን በጉም መልክ እንዲመጣ።

ያን ጊዜ ነው ሩቅያ፣ ከጅዳ በተመለሰች ማታ፣
ይህቺን የመስታወት መርጫ ያወጣች፣ ከሻንጣዋ ግርጌ፣ ፎጣውን ፈትታ።
የአራት ዓመት ስደት፦ አንድ ሻንጣ፣ አንድ መርጫ፤
ዝምታዋ ግን ሰፊ ነበር፤ ቤታችን ጠበበን ለመቀመጫ።

እሺ፣ ፈታኋት። ክዳኗን፣ ጉልላቷን፣ ቀሰሟን፣
ከቀሰሟ ጫፍ ያለችውን፣ ጥፍር የምታህል ወንፊቷን፤
በጆንያ ላይ ደረደርኩ። አለቃዬ ይማም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይል ነበር ሁልጊዜም፦
«ስትፈታ ያላየኸውን፣ ስትገጥም አታገኘውም።»

ጥፋቱ የኛው ነው። የደጋን ገበያውን ኑግ፣ ሳናጠልል፣ ከነአተላው ሞልተን፣
አሚናት «ዘይት ዘይት ነው» ብላ፣ እኔም አዎን ብዬ፣ ሁላችን አጥፍተን።
ወሩን ሙሉ ቆሞ፣ ከግድግዳዋ ተጣብቆ ሙጫ ሆኗል፤
ሽታው ደግሞ፣ የከረመ ለውዝ፣ የረጠበ ጆንያ፣ ይሰነፍጣል።
ውሃ ለብ አደረግን። የፈላ አይሆንም፤ መስታወቷ ይሰነጠቃል፣ ጎማዋ ይኮማተራል፤
ሳሙና ጠብ አድርገን፣ ነቅንቀን ደፋን። ደግሞ ሞላን። በሦስተኛው ይጠራል።

ወንፊቷን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ ዙሁር ሰግጄ፣ አስር እስኪደርስ፤
አሚናት መርፌ አመጣች። «ተይ፣ ቀዳዳው ይሰፋና
እንደ ጎረቤት ወሬ ነው ከዚያ ወዲያ የሚፈስ።»
ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፤ በእሱ፣ ቀስ።

የሌባ ጣቴ ጫፍ የለውም፤ ጥርሳም መዘውር ወስዶታል በሰባ ስምንት፤
ትንሽ ነገር አይዝልኝም። አፍንጫዋ አመለጠችኝ፤
ሩቅያ በአየር ላይ ቀለበቻት፣ ሳትደርስ ከመሬት።
አልመለሰችልኝም።
እጇ ያውቀዋል፤ እንደኔ አይመረምርም፤
በውሃ ሞልታ ትጫናለች፣ ትጫናለች፤ ቃል የላትም።
ከዚያ፣ ቀና ሳትል፦
«የሴትዮዋ ናት። ጁምዓ ጁምዓ እኔ ነበርኩ የማጥባት።
አንድ ቀን ተደፈነች፤ ወረወረቻት።
የስድስት ወር ደሞዜን ስጠይቅ ‹ነገ› አለች፤
በነገታው ቲኬት ነው የሰጠችኝ እንጂ ሪያል አላየሁባት።
ሌሊቱን ከቅርጫቱ አውጥቼ በፎጣ ጠቀለልኳት።
መስረቅ ነው፣ አባዬ?»
ምን ልበላት?

እኔ ሕግ አላውቅም፤ የማውቀው የብሎን ጥርስ ነው፤
እናቷ የድስቱን ክዳን አነሳች፣ መልሳ ገጠመች፤ ውስጡን አላየችው።
«ትድረቅ» አልኩ፣ ሌላ ቃል አጥቼ። «ጠብታ ውሃ ከቀረባት፣
ከጋለ መጥበሻ ጋር ነው ጠቧ፤ ፊት ነው የሚያገኛት።»
በነጠላ ቁራጭ ላይ ደፍተን ተውናት፤ የቦርከና ነፋስ ያድርቃት።

ማለዳ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ (ዛሬም እግሬ ጫማ ይፈልጋል)
ኑጉን አጠለልን። ከግማሽ አላለፍንም፤ የሞላ ዕቃ መተንፈሻ ያጣል።
ሩቅያ ተጫነች። አንዴ አየር። ሁለቴ አረፋ።
በሦስተኛው ዘይቱ ጉም ሆነ፤ በመስኮቱ ብርሃን ላይ እንደ ጦሳ ጭጋግ ሰፋ።

ድንቹ ተጠበሰ። ጣዕሙን ሐኪሙ ይንገረው፤
እኔ ግን በላሁ፤ ጨው ነው የጎደለው።
«በስንት ቀኑ ትታጠብ?» አለችኝ፣ ሳህኑን እያነሳች።
«በየሁለት ሳምንቱ።»
«እሺ፤ ጁምዓ ግን አይሁን» አለች።