በደረጃው ላይ

ቂርያት ጋት፣ እኛ ሕንፃ፣ አሳንሰር የለም፤
ማዶ ያለው ሻለቃ፣ ዳኘው፣ በር አያንኳኳም።
«ዳኘው ነኝ! ደኅና ነው! እንዲሁ ልጠይቅ ነው!»
ይላል ገና ከታች፣ ሕንፃው እስኪሰማው።
አዲስ ተከራዮች «ምን ነክቶት ነው?» ሲሉ
ነባሮቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

በሱዳን ነው፣ በእግሩ፣ በስምንት ዓመቱ፤
ሁለት ሆነው ወጥተው አንድ ሆኖ መግባቱ
አይወራም እሱ ፊት። ትምህርት ቤት የገባ 'ለት
ጸሐፊዋ ስሙን «ዳን» ብላ ቆረጠችበት፤
የቀረውን ግማሽ ጦሩ ወሰደበት።

ሻለቃ የሆነ ቀን እናቱ ብርቄ
በአውራ ጣቷ ዳብሳ የትከሻውን ቅጠል
«ይቺ ደግሞ ልጄ፣ ምን ታፈራለች?» ብትል
«ጡረታ» አላት። ሳቁ።
ያኔ ሊባኖስ ግራ ጆሮውን ገና አልበላውም።

ጆሮው ሲሄድ ጊዜ ግንባሩን ተወና፣
አማርኛ የሚችል ይፈለጋልና፣
መርዶ ነጋሪ ሆነ።
ድሮ መርዶ ወግ ነበረው፦ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣
ሽማግሌ ከፊት፣ ሴቱ ከኋላ ከቦ፤
እዚህ ሰዓት የለው፤ ሦስት ሰው በመለዮ፣
አንዱ ሐኪም፣
አንዱ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዞ።

በጦርነቱ ወር ልጄ ኢታማር ግንባር ነው፤
ከበላዬ ስንዱ፣ የሷም ልጅ እዚያው ነው።
አንድ ማታ የሦስት ሰው ጫማ ሰማሁ፤ ስም ግን አልሰማሁም።
መዳፌ በሩ ላይ፤ አልከፈትሁ፣ አልሸሸሁም።
እግሩ ደጄ ቆመ።
ቆመ።
ከዚያ ወደ ላይ ሄደ።
«ተመስገን!» አልሁ እኔ፣ ጉልበቴ እየራደ።
ቃሉ ገና ምላሴ ላይ ነበር፣ ስንዱ ጮኸች።

ሰባቱን ቀን ሙሉ እሷ ቤት ሳህን አጠብሁ፤
ቧንቧውን ከፍቼ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ዓመት ቆይቶ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣
«በርሽ ላይ የቆምሁት» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣
«ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። ይቅር በይኝ።»
እሱ፣ እኔን!
ያቺን «ተመስገን» ግን እስካሁን አልነገርሁትም፤
አልዋጥኋት፣ አልተፋኋት።

አሁን ጡረተኛ ነው። ቅጠሉ መሳቢያ ውስጥ፤
የራሱ በር ሲንኳኳ ነው የሚደነግጥ።
እኔም ከደረጃው ሥር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
በደኅናው ጆሮው በኩል፦
«ሻለቃ! እኔ ነኝ! ጨው ነው፣ ትንሽ ጨው ፈልጌ!»

ቤቴ ጨው ሞልቷል።