ከመኪናው እግር ሥር

ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤
«ቁጥር ሁለት መቶ አርባ። መዳብ። ሁለት ግራም ከሩብ።
የተገኘበት፦ ጁገል ውስጥ። ዘመኑ፦ መካከለኛ፣ በትክክል ያልተለየ።
ጽሑፉ አይነበብም። ገጹ በዝውውር ያለቀ።»

በዝውውር ያልኩት ከልማድ ነው።
ሳንቲም ሲያልቅ ሌላ ምን ይባላል?
በኤረር በር በጨው ገብቶ፣ በፋላና በር በማሽላ ወጥቶ፣
ከመዳፍ መዳፍ፣ ከመቀነት መቀነት፤
እንዲህ እያልን እንጽፋለን፣
ያየ የለም፣ የሚከራከር የለም፣
መዳብ አፍ የለው።

እስከዚያ ረቡዕ ድረስ።
አው ፈኽረዲን ከመኪና ግርግር መጡ፣
ሜትሩን ካንገታቸው፣ መርፌውን ከኮሌታቸው ሳያወርዱ፣
ጫማቸውን እንደ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ትተው።
(የሰው ቤት ነበር፤ ነደባው ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበረ
ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።)
መስታወቱ ላይ አጎንብሰው ቆዩ፣ ቆዩና
«ልጄ» አሉኝ፣
«ይህን ከወሰዳችሁት ወዲህ መኪናዬ ያነክሳል።»

«እኔ ለጨርቅ ድሬ ወርጄ፣
ሰሚር የሱቁን ወለል ሲያስጠግን አገኘው፤
ደስ ብሎት፣ ሮጦ፣ ለእናንተ።
አልቆጣሁም። የተማረ ልጅ ነው።
ግን ከኋላ በግራው እግር ሥር ነበር ቦታው።
አባቴ ነው ከፈረሰ ግንብ አንስቶ የሸጎጠው፤
የማን ነው፣ የየትኛው ዘመን ነው አላለም፣
ልኩን ብቻ ነው ያየው።
እሱ ረገጠ፣ ከዚያ እኔ አርባ አንድ ዓመት ረገጥኩ።
ይህ ፊት ያለቀው በገበያ አይደለም ልጄ፣
በእኔ እግር ነው።
በሙሽራ ቀሚስ፣ በተማሪ ዩኒፎርም፣
በኢድ ዋዜማ እስከ ንጋት፣
ፔዳሉ በወረደ ቁጥር ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፤
በዚያ ጽሑፍ ላይ ከተማው ሁሉ ለብሶ አልፏል።»

ዘላለም ሊታወስ፣ ስሙን ያተመበት፣
የቀሚስ ጠርዝ ሲታጠፍ፣ ፊቱ አለቀበት፤
ግብር ያስከፈለ፣ በር ያስከፈተ፣
ከአንድ የብረት እግር ሥር፣ ሰላሙን ሸመተ።

እንዳልመልስላቸው ፊርማ አለ፣
ማኅተም አለ፣ ሦስት ቅጂ አለ።
እሳቸውም መልሺ አላሉኝም።
«ልኩን ስጪኝ» አሉ።

ለካሁት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከስድስት።
ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ቁጥር እጄ አያውቅም።»
እኔ ጓንት አጥልቄ፣ እሳቸው በባዶ ጣት፣
ቁልፉን ከፈትኩ። (ይህ ካርዱ ላይ የለም።)
ሐር እንደሚፈትሽ ሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል
ዓይናቸውን ጨፍነው ያዙት፤
ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።
መለሱልኝ።

ከሥራ በኋላ ሱቃቸው ሄድኩ።
የኪሴን ዝርዝር ወለሉ ላይ በተንን፤
አስር ሳንቲም አነሰ፣
ሁለት ሲደራረብ ይንሸራተታል፣
የታጠፈ ካርቶን በአንድ ሱሪ አለቀ።
ባለ ሚዛኑ አንድ ብር ደግሞ በዛ፤
ሚዛን የተቀረጸበት ነገር
መኪናውን በሌላው ጎን አዘመመው።
ጎረቤት ሰፊዎች ሳቁ፣
አው ፈኽረዲን ግን በጉልበታቸው ተንበርክከው
እዚያው ተዉት።

«ይሁን» አሉ፣
«ሰሚር ሲረግጠው፣ የሰሚር ልጅ ሲረግጠው
ያልቃል። ሲያልቅ ልኩ ይመጣል።»
ተቀመጡ። ክሩን በምራቃቸው አሾሉ።
መኪናው አነከሰ፣ ሰፋ፣ አነከሰ፣ ሰፋ።

በማግስቱ ማልጄ ገባሁ፤
ካርዱን አውጥቼ «በዝውውር» የሚለውን ሰረዝኩ፣
ከላዩ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣
«በስፌት» ብዬ ጻፍኩ።
ኃላፊው ገና አላየውም።