በቀኟ በኩል

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ኪርያት ጋት ከተማ፣
ዐሥራ ሁለት ደረጃ ወርደን ወደ ጨለማ፣
የመጠለያውን በር፣ ብረቱን ከፍተን፣
የፕላስቲክ ወንበር በክብ ደርድረን፣
ዐሥር ወንዶች ሆነን እንቀመጣለን።

ዘበኛ አለ፣ ሹፌር አለ፣ አሁን ከፋብሪካ የወጣ፣
ለሚስቱ «ምኩራብ ነኝ» ብሎ ዋሽቶ የመጣ።
እኔም አለሁ፣ አስረስ፤ ሰባ አንድ ነው ዓመቴ፣
እንደ ተማሪ ልጅ ደብተር በጉልበቴ።

መምህሩ ልጅ ነው፤ ፂሙ ገና ያቆጠቁጣል፣
አማርኛው እያነከሰ ጥያቄው ልብ ላይ ይቀመጣል።

«ለሚሳይል» አለን፣ «ከሰማይ ለሚወርድ፣
ሳይረን ይጮህልናል፤ አለን አርባ አምስት ሰከንድ።
ከእጅህ ለሚወርደው ማን ይጮህላታል?
ቤቷ ውስጥ ሲፈነዳ የት ትጠለላል?
ሳይረኑ አንተው ዘንድ ነው። ከመምታትህ በፊት ገላህ ምን ይልሃል?»

ዝም አልን። አየር ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።

«ጆሮዬ ይግላል» አለ ዘበኛው እንግዳው።
«የኔ መንጋጋዬ ነው፣ እሱ ነው የሚቆለፈው።»
ሦስተኛው እጁን ገለበጠ፤ እንደ ሰው ዕቃ አየው።

ተራዬ ደረሰ። «እኔ» አልኩ «መትቼ አላውቅም።
አስታራቂ ነኝ እንጂ ተደባዳቢ አይደለሁም።»
ልጁ ቀና አለ፤
«ጋሼ፣ ሲያስታርቁ ለሴቷ ምን ይሏት ነበር?»

«ቻይው» እላት ነበር።

ያንን ቃል ከመሬት በታች ጮክ ብዬ ስለው፣
ከባድ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ትርንጎን አሰብኳት።
ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ደጄን ስታንኳኳ፣
ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ፣
አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ ብቻ።
ሻይ ሰጠናት። ባሏን አስጠራነው።
አራት ሽማግሎች ነበርን፤ ጉልበታችንን ሳመ፣
ካሳ ቆረጥን፣ መረቅን።
እሷ አንድ ቃል አልወጣትም፤ እኛም አልጠየቅናት።
«ገመና ይሸፈናል፤ ቻይው፣ ልጄ» ብዬ
በገዛ መኪናዬ ወደ ቤቷ መለስኳት፣
ቀበቶውን እንኳ እኔው አሰርኩላት።

ከዚያ ክረምት ወዲህ በግራ ጆሮዋ አትሰማም።

ሐሙስ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣
የገበያ ጋሪዋን ይዛ አገኘኋት።
ሁለት ሌሊት ያጠናሁትን አወጣሁ፤
«ጥፋተኛ ነኝ። ሽምግልናዬ የሸሸገው
እሱን ነበር፣ አንቺን አይደለም።»
መንገዱን ታያለች። ዝም።
ፍርዴ ይኸው ነው ብዬ ተቀበልኩ፣
ልሄድም ዞርኩ፤
በግራዋ ነበር የቆምኩ።

ዞሬ በቀኟ መጣሁ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።
ሁለተኛው ይከብዳል፤ አሁን ዓይኗ አለበት።

ሰማችኝ። አላለቀሰች። «ይቅር» አላለች።
ጋሪዋን አቀናች፤
«ኤልያዳ» አለች፣ «ልጄ፣ ዐሥራ ሰባት ሞላው።
ትናንት በሩን በቡጢ መታ፤ እጁ የአባቱ ነው።
ወደዚያ ጉድጓዳችሁ ውሰደው።»

ማክሰኞ ማታ ነው። ዐሥራ ሁለተኛውን ወንበር ዘረጋሁ።
ከበሩ ሥር ተቀመጠ፤ ኮፍያውን ደፍቶ፣
ሁለት ጆሮውን ማዳመጫ ወትፎበት፤
ዘፈኑ ከሩቅ እንደ ንብ ይሰማል።
ማንም አልተቆጣው።

እንግዳው ያንኑ፣ የጆሮውን ትኩሳት ሲያወራ ግን
ልጁ እጁን አነሳ፣
የግራውን አወጣ።