አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

የምሠራው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለው፣ በረዶ አላይ፤
ቀን በቀን የሰው ደም ነው የሚወርድልኝ ከላይ።
ቱቦው ዞሮ፣ ተሽከርክሮ፣ ቀዩ ዘቅጦ ቢጫው ሲጠራ፣
ማሽኑ ቁጥር ይተፋልኛል፤ እመዘግባለሁ በየተራ።

ስም አላነብም በልማዴ፤ ባርኮዱ ብቻ ይበቃኛል።
የዚያን ማክሰኞ ግን አነበብኩ፦
ደምሰው ይላል።

ጋሽ ደምሰው! የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ።
ሃያ ስድስት ዓመት በላሾደፎን ሰዓት ፋብሪካ፣
ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ጥርስ በወረንጦ ይዞ ሲለካ፤
አውቶቡስ ቢቀር የማይማረር፣ ልጅ ቢንጫጫ የማይከፋው፣
ቁጣው እንደ ጃንጥላ የሆነ ወንበር ላይ ተረስቶ የጠፋው።

በኅዳር አንድ ጧት ማንኪያው ከግራ እጁ ወደቀ።
ምት ነው።
የሰዓትም ምት፣ የልብም ምት፣ የአንጎልም ምት፤
አንድ ቃል ነው ያለን ለሦስት ጉልበት።

ማሽኑ ቁጥሩን ተፋው። ከፍ ብሏል።
ፈረንጅ በሦስት ፊደል ይጠራዋል።
እኛ ግን ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግል
ተቆጣ ነው የምንል።
ተቆጣ!
ለማንም ፊቱን ያላጠቆረ ሰው፣
ደሙ ነው ለካ የሚቆጣለት።

(ሳይንሱ እንዲህ አይልም፤ አውቃለሁ፤
ደሞዜን የምበላው ከሱ ነው።
ሐኪም ማቲል ያለችኝ ይህን ያህል ነው፦
ከምቱ በኋላ ቁጣው ካልበረደ
አንዳንድ ሰው ሐሳቡ ይሸረፋል፣ ወር ከወር እያለ።
ሁሉም አይደለም፣ አለች። ቁጥሩ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም።)

ደም ቅዳው ያደርሳል፣ ደም መላሹ ይመልሳል።
ደም መላሽ! ቂም የሚወጣም እኮ በዚሁ ስም ይጠራል።
የማንን ደም ይሆን የሚመልስ፣
በሰው ጭንቅላት ጓዳ ለጓዳ ሲያስስ?

ፈረንሳይኛው ከምቱ ጋር ስለሄደ፣ አስተርጓሚ ስለጠፋ፣
ከምድር ቤት ጠሩኝ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ።
ማቲል ወረቀት ሰጠችው። ሰዓት ሣል አለችው።
«አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ይሁን» አልኩት፣ ቃል በቃል።
ሣለ። ክቡ የጨረቃ ክብ፤ ቁጥሮቹ በሰልፍ የቆሙ፤
ሁለት ላይ አረፈ ረጅሙ፣
አምስት ላይ አጭሩ ቆጣሪ።

እስክሪብቶዋን አነሣች፣ ነጥብ ልትቀንስ።
«ቆይ!» አልኩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱ ምንም አላጠፋም፤
በኛ ቀን ከጧት ይቆጠራል እንጂ ከእኩለ ሌሊት አይነሣም፤
አምስት ላይ ያለው ቆጣሪ፣ በኛ አሥራ አንድ ነው፤ አልተሳሳተም።»
ሳቀች። ነጥቡን መለሰች።
ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ፣
ርስት ተከራክሮ እንደረታ ሰው።

ሚያዝያ ላይ ደግመው ጠሩኝ። በረዶው ከጣሪያው እየተናደ፣
ቁጥሩ እዚያው ነው፤ አልበረደ።
ቁልፍ፣ ድልድይ፣ ጓንት፣ ሎሚ፣ ሐሙስ፤
ከአምስቱ ቃል የቀረው ሎሚ ብቻ ነበር።

ሰዓቱን ግን በጥንቃቄ ተረጎምኩለት፦
«አምስት ሰዓት ከአሥር፣ ጋሽዬ፤ ረፋዱ ላይ።»

ሣለ። ብዙ ሣለ። አጎንብሶ፣ ምላሱን ነክሶ።
ጥርስ ከጥርስ የተናከሰ መዘውር፣ የተጠመዘዘ ሞላ፣
ብሎን፣ ከብሎን ሥር ሌላ ብሎን፣
ሃያ ስድስት ዓመት ያየውን የሰዓት ሆድ ዕቃ፣
አንድ ሳያጎድል።
ቁጥር የለው። ቆጣሪ የለው።
«ታዲያ ስንት ሰዓት ነው ይሄ?» አልኩት።
«እሱን ውጪ ያሉት ያውቃሉ» አለኝ።

ማቲል አየችኝ። እንደ ባለፈው እንድሟገት የጠበቀች መሰለኝ።
የምተረጉመው አልነበረኝም።

ቀስ እያልኩ ወረድኩ። አዲሱ ቱቦ ቀድሞኝ ደርሷል፣ ለብ እንዳለ።
ስሙን አነበብኩ፣ ሁለት ቦታ ከፍዬ፦
ደም። ሰው።
ማሽኑ የሚያነብልኝ የፊተኛውን ነው።